ልጄ በመስኮት፣ እኔ በአይሱዙ

ልጅ ያቀፈች ሴት መናኸሪያ ውስጥ ስትንገላታ ካያችሁ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ አትርዷት። እዚያው ትንገላታ። ቢበዛ ሻርፗ ይወልቃል፣ እግሯን ይረግጧታል፣ ልጇ ያለቅሳል፤ ከዚያ የከፋ አይመጣባትም። የከፋው የሚመጣው አንድ ደግ ሰው በመስኮት እጁን ዘርግቶ «አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ» ያላት እንደሆነ ነው። ክፉ ሰዎች በዕድሜዬ ያደረሱብኝን ሁሉ ብደምረው፣ ደጋጎቹ በአንድ ጠዋት ካደረሱብኝ ጋር አይወዳደርም።

ነገሩ የጀመረው በአማቴ ነው። አማቴ እማማ ጦይባ ሰንበቴ ነው የሚኖሩት። እኛ አካባቢ ልጅ ጡት ሲጥል አያቱ ዘንድ ይወሰዳል። አያትየዋ ቅቤ ትቀባዋለች፣ ልጅየው ጡቱን ይረሳል፣ እናትየዋ እፎይ ትላለች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁን እናስመልስ ሲባል ነው፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ መላክ ያስፈልጋል። ባለቤቴ ኡመር ለጥቂት ቀን ተብሎ ለአያቱ ተሰጥቶ ወደ ወላጆቹ የተመለሰው የወተት ጥርሱን ጥሎ አዲስ ካበቀለ በኋላ ነው። ከእናቱ ጋር ያስተዋወቁት ጎረቤቶች ናቸው ይባላል።

እና ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጃችን ሂክማ ጡት መተዋ በተሰማ ማግስት እማማ ጦይባ ደወሉ።

«እንግዲህ አምጪያት» አሉ።

«እንጠይቅዎታለን እማዬ፣ ኢንሻ አላህ» አልኩ፣ ያልገባኝ መስዬ።

«ጥየቃ አላልኩሽም። ለመቅረት ነው። አንቺ መጽሐፍሽን አሳድጊ፤ ልጅቱን ለኔ ተዪያት።»

መጽሐፍን ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ ነው። ሲርበው ውሎ ማታ ማዕድ የቀረበለት ሰው እንዴት እንደሚጎርስ ታውቃላችሁ፤ እኔም ፊደል ላይ እንደዚያው ነኝ። የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። አሁን ከሚሴ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ መጽሐፍ ማዋስና «ዝም በሉ» ማለት ነው፤ «ዝም በሉ»ንም የምለው በጣቴ ነው።

ለአማት ደግሞ እምቢ አይባልም። ኡመርን «አንተ ንገራቸው» ስለው፣ «እማዬን? እኔ?» ብሎ አየኝና ኮምቦልቻ አስቸኳይ ሥራ እንዳለው ትዝ አለው። ኮምቦልቻ ከዚያ በፊት እንዲህ ቸኩላበት አታውቅም። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ። ልጄን ብቻዬን፣ ያለ ማንም እገዛ፣ ንጹሕ እንደለበሰች፣ በልታ፣ ተኝታ፣ ተረጋግታ ሰንበቴ አደርሳታለሁ። እማማ ጦይባ በዓይናቸው አይተው «ይቺ ሴት ለካ ልጅ መያዝ ታውቃለች» ይላሉ። ምሳ እንበላለን፣ እንመረቃለን፣ ሁለታችንም ወደ ቤታችን እንመለሳለን። በቃል ያልደፈርኩትን በሥራ ላሳይ ነበር ሐሳቤ።

የተዘጋጀሁትን ዝግጅት ብታዩት ሐጅ የምሄድ ይመስላችሁ ነበር። ውሃው ፈልቶ ቀዝቅዟል። ቅያሪ ልብሷ በየፌስታሉ ተለይቷል። ዳቦው ቅርፊቱ ተነስቶለታል። ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ያነበብኩት መጽሐፍ «ልጁን ስለ ጉዞው አስቀድመው ያዘጋጁት» ስለሚል፣ ሂክማን ከፊቴ አስቀምጬ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው አስረዳኋት። በደንብ ገብቷታል፤ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችብኝ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ቀን የሰንበቴ የከብት ገበያ የሚቆምበት ቀን ነው።

መናኸሪያው ስደርስ የከሚሴ ሰው በሙሉ ሰንበቴ ላይ ቀጠሮ የያዘ ይመስላል። ወደ ሰንበቴ የሚሄደው አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ብቻ ቆሟል፤ ሰው ዙሪያውን ከብቦታል። በገበያ ቀን ወንበር የሚያዘው በበር እንዳይመስላችሁ። በመስኮት ነው። አንዱ ጋቢውን ይወረውራል፣ ሌላው ኮፍያውን፣ አንዷ የበርበሬ ከረጢቷን። ዕቃው ያረፈበት ወንበር የባለዕቃው ነው፤ በዚህ ሕግ ላይ ማንም አይከራከርም። አንድ ሰውዬ የሚወረውረው ቢያጣ አንድ እግር ጫማውን አውልቆ በመስኮት ላከና በሌላው እግሩ እያነከሰ ወደ በሩ ተጋፋ።

እኔ ሂክማን በአንድ ክንዴ፣ ቦርሳውን በሌላው አንጠልጥዬ ተራ የሚባል ነገር እስኪመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ። የምጠብቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከመስኮቱ ክንዷ ሙሉ አምባር ያደረገች ደልደል ያለች ሴት ብቅ አለች።

«እህትዋ! ልጅቱ ትጨፈለቃለች እኮ! አምጪያት ወዲህ!»

«አይ፣ ምንም አይደል፣ እችላለሁ» አልኩ።

«ምኑን ነው የምትችይው? ላብሽን አታይውም? ኮቱ፣ ኮቱ ኢንተላ ኮ!» ብላ ነይ ልጄ እያለች በኦሮምኛ ጠራቻት።

ሂክማ ለደቂቃ እንኳ አላመነታችም። ሁለት እጇን ዘርግታ ሄደች። ይቺ ከእኔ ሌላ ሰው አይንካኝ ስትል የከረመች ልጅ፣ አምባር አይታ ሸጠችኝ።

«ቦርሳሽንም አምጪው፤ እጅሽን ነፃ አድርገሽ ተጋፊ» አለችኝ ሴትየዋ። እውነቷን ነው። ቦርሳውንም ሰጠኋት። ስልኬ ቦርሳው ውስጥ ነበር።

እጄን ነፃ አድርጌ ተጋፋሁ። እንደምንም በሩ ጋ ስደርስ ረዳቱ ክንዱን ዘረጋብኝ።

«ሞልቷል! ወደ ኋላ!»

«ልጄ ውስጥ ናት» አልኩ። ይህን ያልኩት በቤተ መጻሕፍት ድምፄ ነው።

«ምን አልሽ?»

«ልጄ ውስጥ ናት።»

«የሁሉም ልጅ ውስጥ ነው!» አለ ረዳቱ።

እውነትም ከኋላዬ ያሉት ሁሉ በየሰዉ ስም ይምላሉ። አንዱ «እናቴ ውስጥ ናት!» ይላል። ሌላው «ሚስቴ ከነልጆቿ ውስጥ ናት!» ይላል። ለካ በገበያ ቀን በረዳት ፊት የማይባል የለም። ያ ባለ አንድ እግር ጫማ ሰውዬ ደግሞ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ «ጫማዬ ውስጥ ነው!» እያለ ይጮሃል። ከሁላችንም ማስረጃ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ እሱን አስገቡት።

ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ። ቅጥቅጡ ተንቀሳቀሰ።

እዚህ ላይ እንደ ሰው መጮህ ነበረብኝ። ሌላ እናት ብትሆን ጎማው ስር ትተኛ ነበር። እኔም አፌን በሰፊው ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል ግን «ይቅርታ!» ነው። መኪናው ይቅር ብሎኝ ሄደ። በኋለኛው መስታወት ሂክማ እጇን አውለበለበችልኝ። እንድታውለበልብ ስንት ጊዜ ሳለማምዳት እምቢ ያለችው ልጅ፣ ያን ቀን አሳምራ ተሰናበተችኝ።

ጢሙን በሂና ያቀላ አንድ ባጃጅ ነጂ መሪውን ይዞ ያየኛል። በኋላ እንዳወቅኩት ጋሽ ይማም ይባላል።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ልጄ ሰንበቴ ሄደች።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እኔ ቀርቼ ነዋ!»

ጋሽ ይማም አንዴ እኔን፣ አንዴ መንገዱን አየና «ያ ረቢ!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። «ግቢ! አብሽሪ፣ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ! ባጃጅ ከጨፋ ሮቢት ወዲያ አያልፍም እንጂ እስከዚያ ባልደርስባቸው ስሜን ለውጪው።»

በረርን። ባጃጅ መብረር የሚችለውን ያህል ማለቴ ነው። አንድ ብስክሌት ቀደመን። የጨፋ ሜዳ በግራም በቀኝም ማሽላውን አቁሞ ያየናል፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት ያምራል ብዬ አስብ ነበር። ያን ቀን ማሽላው ራሱ የሚስቅብኝ መሰለኝ።

«ስልክ የለሽም እንዴ?» አለኝ ጋሽ ይማም።

«ከልጄ ጋር ሄዷል።»

«ታዲያ ልጅሽ ላይ አትደውዪም?»

ለካ እንዲህም ይታሰባል። በእሱ ስልክ የራሴን ቁጥር መታሁ። ጠራ። ተነሳ። ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከዚያ «አቡ!» አለና ተዘጋ። ሂክማ ናት። ደግሜ መታሁ። አሁን ወፍራም የወንድ ድምፅ መጣ።

«ሃሎ! ማነው?»

«ይቅርታ፣ የያዙት ስልክ የኔ ነው። ልጅቱም የኔ ናት።»

«እናትየዋ ነሽ? ታዲያ ከኋላ ሆነሽ ምን ያስደውልሻል? ነይና ውሰጂያት!»

«ከኋላ አይደለሁም። መኪናው ውስጥ የለሁም።»

ሰውዬው ወደ ተሳፋሪው ዞሮ «ጀማው! እናትየዋ የለችም!» ሲል ሰማሁት። መኪናው በአንድ አፍ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አለ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ ልጅ መኪና ከገባ የእናቱ አይደለም፣ የመኪናው ነው። አንዱ ያቅፋል፣ ሌላው «ወዲህ በላት» ይላል፣ ሦስተኛዋ «ማሻ አላህ» ብላ እንትፍ እንትፍ ትልበታለች። ባለ አምባሯ እኔ ከኋላ የተቀመጥኩ መስሏት «ለእናቷ አቀብሉ» ብላ ወደ ኋላ ላከቻት። የኋላዎቹ እናቷ ከፊት ናት ብለው ወደ ፊት መለሷት። ፊት ያሉት ለመሃል፣ መሃል ያሉት ለዳር። ልጄ እንዲህ እየዞረች ሁሉም እናቷ ሌላዋ ሴት ናት ብሎ አምኗል። ሂክማ ካለቀሰች እናት ትፈለግ ነበር፤ እሷ ደግሞ ልታለቅስ ቀርቶ ሰርግ ላይ ያለች መስሏታል።

መልሼ ልደውል ስል መንገዱ ተዘጋ። ግመሎች ናቸው። ወደ ገበያ የሚነዱ፣ ረጃጅም፣ የማይቸኩሉ። ጋሽ ይማም ጡሩንባውን ነፋ። አንዱ ግመል ቆም ብሎ ባጃጁን ከላይ ወደ ታች አየውና ማመንዠኩን ቀጠለ። ጋሽ ይማም ከነጂዎቹ ጋር «አካም ጂርቱ፣ ነጋ ዳ?» እየተባባለ ደህንነት ይጠያየቃል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አንዱ ሰርግ። ያበቃ ሲመስለኝ «ይቺ እህታችን እኮ ልጇን በመስኮት ሰጥታ…» ብሎ የኔን ታሪክ ጀመረ።

«ጋሽ ይማም!»

«ይወቁልሽ ብዬ ነው። ዱዓ ያደርጉልሻል።»

ግመሎቹ ዱዓ ካደረጉልኝ በኋላ አለፉ፤ ኔትወርኩም መጣ። ያው ወፍራም ድምፅ አነሳ።

«አብሽሪ እህቴ፣ ልጅቱ ደህና ናት። ሙዝ በልታለች።»

«ሙዝ? በዚህ ሰዓት?»

«ቆሎም ሰጥተናት ነበር።»

«ቆሎ! ታንቃታለች እኮ!»

«የለም፣ አልዋጠችውም፤ የሾፌሩ አንገትጌ ውስጥ ነው የጨመረችው። ኩልም ተኩላለች። አምሮባታል።»

«ለማንኛውም ጨፋ ሮቢት ላይ ጠብቁኝ። ባጃጅ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው።»

«ልንጠብቅሽ ነበር። ሴትየዋ ናቸው የከለከሉን።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«አያትየዋ ናቸዋ! አሁን እዚሁ ስልክሽ ላይ ደወሉ። የት ደረሳችሁ ሲሉ እውነቱን ነገርናቸው። ምን እንዋሻለን? ‹የትም እንዳትቆሙ፣ ልጄን ቀጥታ ለኔ አምጡ› አሉ። ሾፌሩ ደግሞ እማማ ጦይባን ያውቃቸዋል። አንቺን መበደል ይሻላል አለ።»

ስልኩን ለጋሽ ይማም መለስኩለት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጄ እንዳትጠፋ ነበር የፈራሁት። ከዚያ በኋላ መገኘቷ አስፈራኝ። ሂክማ ያለ እናት፣ በሕዝብ እጅ፣ ሙዝ ተቀብታ አያቷ እጅ ልትገባ ነው። እማማ ጦይባ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

ጨፋ ሮቢት ስንደርስ ቅጥቅጡ አልፏል። ጋሽ ይማም ባጃጁን መሃል ከተማ አቁሞ ወረደና በሙሉ ድምፁ «ጀማው! ልጇን መኪና ውስጥ የረሳች እናት ይዤ መጥቻለሁ! ወደ ሰንበቴ የሚያደርሳት ማነው?» ብሎ አወጀ።

«አልረሳኋትም» አልኩ። «መኪናው ነው እኔን የረሳኝ።»

ልዩነቱ ለማንም አልታየውም። ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት እናት «እኔ ዘጠኝ ወልጃለሁ፤ አንዱንም በመስኮት አልሰጠሁም» አለች። ጎኗ ያለችው «አንቺማ መስኮት መች ነበረሽ» አለቻት። እነሱ በዚህ ሲጣሉ ፍየል የጫነ አይሱዙ መጣ። ባለ ፍየሉ ነጋዴ ጋቢናው ውስጥ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ጋሽ ይማም በመስኮት አጎንብሶ «ስሜን እንዳትለውጪው፤ ግመሉ ነው ያቆየን» ብሎ ተሰናበተኝ።

ጥቂት እንደሄድን ነጋዴው መኪናውን አስቁሞ ወረደ፤ ሲመለስ አንዲት የተወለደች ሰሞን የምትመስል ግልገል ይዟል።

«ላይ እየረገጧት ነው። ያዢልኝ እስኪ እህቴ።»

እጄ ባዶ ነው። ባዶ እጅ ይዞ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተቀበልኳት። ልጅ ለመያዝ ያነበብኩትን ሁሉ ግልገሏ ላይ ተገበርኩ። አንገቷን ደገፍኩ። ጀርባዋን በቀስታ መታ መታ አደረግኩ። ከፀሐይ በሻርፔ ጫፍ ከለልኳት፤ የሻርፔን ዘርፍ ትጠባ ጀመር። ከዚያ ተኛች። ያን ቀን ባወጣሁት እቅድ መሠረት በሰዓቱ የተኛች እሷ ብቻ ናት።

«ታውቂበታለሽ» አለኝ ነጋዴው። «ስንት ልጅ አለሽ?»

«አንድ።»

«የት አለች?»

መልሱ ረጅም ስለነበር ሰንበቴ ደረስን።

እማማ ጦይባ መንገድ ዳር ቆመዋል። ሂክማ ጀርባቸው ላይ ታዝላለች። ዙሪያቸውን ግማሹ ቅጥቅጥ ከቧቸዋል፤ ባለ አምባሯ አለች፣ ባለ ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ ያ ሰውዬም በሁለት እግር ጫማው አለ። የእናትየዋን አመጣጥ ሳያይ ገበያ የሚሄድ ሰው አልነበረም። እኔም ከአይሱዙው ወረድኩ። ግልገሏን እንዳቀፍኩ።

እማማ ጦይባ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማሻ አላህ» አሉ። «ልጅ ሰጥተሽ ግልገል ተቀበልሽ?»

የሰንበቴ ገበያ የሳቀውን ሳቅ ከሚሴ ድረስ ያልሰማችሁት ነፋሱ ወዲያ ስለነበር ነው። ነጋዴው መጥቶ ግልገሏን ሊወስዳት ሲል ዘርፌን ነክሳ አልለይም አለች፣ እየጮኸችም ተከተለችኝ። ሂክማን «ነይ እማ» ስላት ግን ፊቷን አያቷ ትከሻ ውስጥ ደበቀች። ኩሉ እስከ ጆሮዋ ወርዷል። ፀጉሯ በማላውቀው ሰው ቅቤ ወዝቷል። ጭንቅላቷ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ኮፍያ አለ። እንዲህ ቆሽሻ አታውቅም፤ እንዲህ ደስ ብሏትም አታውቅም።

ቤት ገባን። ውሃ ጠጣን። እማማ ጦይባ ቦርሳዬን ከፍተው የሂክማን ልብሶች ከየፌስታሉ እያወጡ ሳጥናቸው ውስጥ መደርደር ጀመሩ።

«እማዬ» አልኩ።

«አቤት።»

«ልጄን ይዤ መመለስ እፈልጋለሁ።»

ስንት ሳምንት ጉሮሮዬ ላይ የቆየ ቃል ነው። የጮህኩ አይመስለኝም፤ ግን ደጅ የነበሩት ዶሮዎች ዞር ብለው አዩኝ።

እማማ ጦይባ የያዙትን ቀሚስ ሳያስቀምጡ «በየትኛው መስኮት?» አሉ።

እንባዬ መጣ። እማማ ጦይባ አይተውኝ ትንሽ ራራ አሉ መሰለኝ፣ ሳጥኑን ሳይዘጉት ተቀመጡ።

«እሺ፣ ስሚኝ» አሉ። «የእንቅልፍ ሰዓቷ ደርሷል። እኔ አስተኝቻት ከተኛች እዚሁ ትቀራለች። ካልተኛች ይዘሻት ትሄጃለሽ። ወላሂ፣ ቃሌ ነው። ግን እንዳትነኪያት።»

«እሺ እማዬ።»

«እኔ አዝዬው ያልተኛ ልጅ አላህ አልፈጠረም።»

አዘሏት፤ እሹሩሩ ጀመሩ። ድምፃቸው ያምራል፤ እኔ ራሴ ዓይኔ ከበደኝ። ሂክማ ግን ነጠላውን እየጎተተች ተወራጨች። ወደ ጓሮ ወጡ፣ ወደ ደጅ ተመለሱ። ወተት ቀረበ፤ ተደፋ። ጎረቤት ተጠርታ መጣች፤ ስኳር አላሰች፤ ሂክማ ስኳሩን በልታ ለቅሶዋን ቀጠለች። መኪና ሙሉ ሰው ሲቀባበላት ያላለቀሰችውን ሁሉ አጠራቅማ ነው ያመጣችው። እኔ እጆቼን ጭኖቼ ስር አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ እንዳልነካት ቃል ገብቻለሁና። አንድ ልጅ ሲያለቅስ ዝም ብሎ መቀመጥን ያህል ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

በመጨረሻ እማማ ጦይባ ላብ በላብ ሆነው ሂክማን አወረዱና መደቡ ላይ አስቀመጧት።

«ቤትሽ እንዴት ነው የምታስተኛት?»

«አነብላታለሁ።»

«ምን?»

«ያገኘሁትን። ድምፄ ለእሹሩሩ አይሆንም። ስሞክር ይብስባታል።»

«አንብቢላት እስኪ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ «ይሄንንም እንየው» የሚል ነገር አለ።

ቦርሳውን ፈተሽኩ። ላነብላት የያዝኩት መጽሐፍ የለም፤ ቅጥቅጡ ውስጥ ቀርቷል። እንግዲህ ሁሉ ነገር በሞላበት ቤት ውስጥ እኔ የሚነበብ ፍለጋ ዓይኔን አንከራተትኩ። መስኮቱ ሥር የዱቄት ሳሙና ካርቶን አየሁ። አነሳሁት። ሂክማ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ሳልነካት፣ ጀመርኩ።

«ለነጭና ለባለቀለም ልብስ። መጀመሪያ ነጩን ከባለቀለሙ ይለዩ።»

ሂክማ በሳግ መሃል ዞር አለች።

«ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዱቄቱን ይጨምሩና በደንብ እስኪሟሟ ያማስሉ። ልብሱን ዘፍዝፈው ለጥቂት ጊዜ ያቆዩ።»

አውራ ጣቷን አፏ ከተተች።

«ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ይታጠቡ። ከሕፃናት አርቀው ያስቀምጡ።»

ራሷን ጭኔ ላይ ጣል አደረገችና ተኛች። እኔ አልነካኋትም፤ እሷ ነች የነካችኝ።

እማማ ጦይባ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ከዚያስ?» አሉኝ።

«አለቀ እማዬ።»

«ልብሱስ ጸዳ?»

ካርቶኑን አገላብጬ አየሁ። «እሱን አይልም።»

«አይልም? ዘፍዝፎ ትቶት ሄደ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው!»

የተኛችውን ልጅ አዩ። በኋላ ተነስተው የሂክማን ልብሶች ከሳጥኑ አወጡና መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱ። በየፌስታሉ አልለዩትም፤ ቅር አላለኝም።

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «ካንቺ ጋር ትሄዳለች።»

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በእጃቸው ገቱኝ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ዛሬ እንዳየሁሽ ከሆነ ብቻሽን አትሄጂም። እኔም እመጣለሁ።»

«መናኸሪያ ድረስ?»

«ከሚሴ ድረስ።»

«ለ… ለጥቂት ቀን ነው እማዬ?»

«ልጅቱ እስክታድግ» አሉና የራሳቸውን ልብስ መሸከፍ ጀመሩ።

እንግዲህ አሁን አብረን ነን። ኡመር ከኮምቦልቻ ሲመለስ በሩን የከፈቱለት እናቱ ናቸው፤ ደንግጦ ቤት ተሳስቻለሁ ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ሂክማ በሁለት ሴቶች መሃል ታድጋለች፤ ቀን የአያቷ ናት፣ ማታ የኔ። ማታ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ፍራሹ ላይ ጋደም እንላለን፤ ሂክማ መሃል፣ እማማ ጦይባ በወዲያ በኩል። ከቤተ መጻሕፍቱ የተዋስኩትን ልቦለድ እከፍታለሁ። ሂክማ የመጀመሪያው ገጽ ሳያልቅ ትተኛለች። እኔም መጽሐፉን ቀስ ብዬ እዘጋለሁ።

«ምን ሆንሽ?» ይላሉ እማማ ጦይባ።

«ተኛች እኮ።»

«እኔ መች ተኛሁ? ጸሐፊው ያን ልጅ ጫካ ውስጥ አስሮ ትቶት እንዴት ነው የምንተኛው? ቀጥዪ!»

እቀጥላለሁ።

«ጮክ በይ፣ አይሰማኝም!»

ጮክ እላለሁ። ሂክማ ትነቃለች።